ሥጋው አንደኛ፣ መብራቱ ግን ለምን?

ላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ፣ ከትልልቆቹ ካሲኖዎች በአንዱ ውስጥ ያለ ስቴክ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። አንደኛ ቅሬታ አለኝ፣ ሁለተኛ እዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት ቤት ሞልቷል፣ ስለዚህ የምለው ለብዙዎቹ ይሠራል። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሥጋው በጣም ጥሩ ነው። የምትከፍሉት ግን ለሥጋው ብቻ አይደለም፤ እንደኔ ግምት ግማሹ ለቀዩ መብራት፣ ለቬልቬቱና ለዲጄው ነው። ይህን አውቃችሁ ከገባችሁ የሚያስቅና የሚያምር ምሽት ታሳልፋላችሁ። ያማራችሁ ሥጋ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

የሄድነው ሐሙስ ማታ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም፣ ቅዳሜ ደግሞ ቦታ አይገኝም። እኔ፣ ባሌ፣ እና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት የባሌ ታላቅ እህት። እትዬ ሥጋ ያውቃሉ። ሥጋ ቤት ገብተው ከተንጠለጠለው ላይ «ከዚህኛው አይደለም፣ ከዚያኛው፣ ትንሽ ዝቅ በል» እያሉ ቆራጩን የሚያስጨንቁ ሴት ናቸው። ሻኛውን ከታላቁ፣ ሽንጡን ከዳቢቱ ከሩቅ ይለያሉ። እሳቸውን ይዞ ስቴክ ቤት መሄድ ዳኛ ይዞ እንደመሄድ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ግማሹን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ቦታ ማስያዝ የግድ ነው። ስትይዙ የካርድ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ሳትነግሯቸው ከቀራችሁ በሰው ቁጥር እያሰቡ ገንዘብ ይቆርጣሉ። አለባበስም አለ፤ ኮፍያ፣ ቁምጣና የስፖርት ልብስ አይፈቀድም። እትዬ በሐበሻ ቀሚስ ነው የሄዱት። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ጥበቡን አይታ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለንም።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ፣ ምክንያቱም ሰው የሚመጣው መጀመሪያ ለዚህ ነው። መግቢያው ላይ ከጀሶ የተሠራ ትልቅ የበሬ ራስ አለ። ጆሮው ላይ የዕንቁ ጉትቻ፣ አፉ ላይ ቀይ ሊፒስቲክ። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠቅሳል። መጠበቂያው ላይ ያለው ሶፋ የከንፈር ቅርጽ ነው፣ ደማቅ ቀይ፤ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ ፎቶ ይነሳበታል። ከባዱን የቬልቬት መጋረጃ ገልጣችሁ ስትገቡ ወንበሮቹ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ለብሰዋል፣ አምፖሎቹ የመረብ ካልሲ ያጠለቁ የሴት እግሮች ላይ ተሰክተዋል (የእግሮቹ ባለቤቶች የሉም፣ እግር ብቻ)፣ ግድግዳው በመስታወት ተሞልቷል፣ ጣሪያው ጥቁር ነው። እና ሁሉም ነገር ቀይ። ቀይ መብራት፣ ቀይ ጥላ፣ ቀይ ሰው።

እትዬ በሩ ላይ ቆሙ። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው «አንተ፣ ውቤ በረሃ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» አሉት።

ባሌ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ግን ቤቱን ወደድኩት፣ አልዋሽም። ቀልድ አለው። ብዙ ውድ ቤቶች ራሳቸውን በጣም ከማክበራቸው የተነሳ ሰው ሹካ ሲያነሳ እንኳ ይጨነቃል። እዚህ ሊፒስቲክ የተቀባ በሬ እያየ ማን ይጨነቃል? አሽኮርማሚ ነው እንጂ ብልግና የለበትም። የሚያሳፍር ምስል የለም፣ ሁሉም ነገር ግማሽ ቀልድ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ግን በድምጽ ማጉያ የሚያንሾካሹክ የሰው ድምጽ አለ፣ «ዛሬ ምን አምሮብሻል» ምናምን እያለ ያሞካሻችኋል። እትዬ ይህን ሳይነገራቸው ነው የገቡት። ሲመለሱ «ውስጥ አንድ የማይታይ ሰው አለ፣ ጨዋ ግን ነው» አሉ።

የድሮ ስቴክ ቤት እንዲህ አልነበረም። ጥቁር እንጨት፣ የቆዳ ወንበር፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሱፍ የለበሱ ወንዶች። እዚሁ ቬጋስ ሳሃራ ጎዳና ላይ ጎልደን ስቲር አለ፣ ከ1958 ጀምሮ የሚሠራ፤ ዘፋኞቹ ፍራንክ ሲናትራና ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ይቀመጡባቸው የነበሩት ቦታዎች ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ። ዲጄና ጨለማ የገባው በኋላ ነው። ኤስቲኬ የሚባለው በ2006 ኒው ዮርክ ሲከፈት ስቴክ ቤትንና ናይት ክለብን አንድ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ተከታትሎ ገባበት። ማያሚ የተጀመረው ፓፒ ስቴክ ደግሞ እዚህ ፎንተንብሎ ሆቴል ውስጥ ቅርንጫፍ አለው፤ እዚያ የ1,000 ዶላር ሥጋ በሚያብረቀርቅ ሻንጣ ተይዞ ወደ ጠረጴዛ ይመጣል። ማለትም እኛ የሄድንበት ቤት እብደቱን ብቻውን አልፈጠረውም።

ወደ ሥጋው። አስተናጋጃችን ጥሩ ሰው ነው፣ ቀልደኛ፣ ሳይቸኩል ያስረዳል። ትሪ ላይ ጥሬ ሥጋዎቹን ደርድሮ አመጣና አንድ በአንድ አሳየን። እትዬ እዚህ ላይ ነቃ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት ነገር አዩ። ጮማው በቀዩ ሥጋ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ተበትኗል፣ እሳቸውም በጣታቸው እያመለከቱ «ይሄ የተቀለበ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። እንዲህ ጮማ ለበዛበት ሥጋ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ከፍተኛው ደረጃ ፕራይም ይባላል፤ ከሱ ቀጥሎ ቾይስ፣ ከዚያ ሰሌክት ይመጣል። የሚለካው በዋናነት በከብቱ ዕድሜና ይኸው የተበተነ ጮማ ምን ያህል እንደሆነ ነው። በእህል የተቀለበ ከብት ደግሞ ይህ ጮማ ይበዛለታል።

ሰውየው ቀጠለና በኩራት ሥጋው 40 ቀን እንደቆየ ነገረን። ለእትዬ ነገርኳቸው።

«አርባ ቀን?» አሉ። «ለእራት ነው የጠራችሁኝ ወይስ ለተዝካር?»

ይህን መተርጎም አልቻልኩም። ሰውየው ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ፣ እኔም «ተደንቀዋል» ብዬ አለፍኩት።

ግን ጥያቄያቸው የሁላችንም ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እኛ ጥሩ ሥጋ ስንል የዛሬ እርድ ነው። ቁርጥ የሚበላ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ታረደ?» ብሎ ነው፣ መልሱ «ዛሬ ጠዋት» ካልሆነ ፊቱ ይቀየራል። እነሱ ደግሞ ትኩስ ሥጋ ብታቀርቡላቸው ገና አልደረሰም ይሏችኋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከብት እንደታረደ ሥጋው ለጥቂት ሰዓታት ለስላሳ ነው። ከዚያ ጡንቻው ይገትራል፣ በማግስቱ አካባቢ ከምንጊዜውም በላይ ጠንካራ ይሆናል። ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ደግሞ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ቀስ እያሉ ጡንቻውን ይፈቱትና እንደገና ይለሰልሳል። ስለዚህ ወይ እንደታረደ ትበላላችሁ፣ ወይ ሳምንታት ትጠብቃላችሁ። እኛ የፊተኛውን መረጥን፣ እነሱ የኋለኛውን። ድራይ ኤጅድ የሚሉት ከዜሮ ብዙም በማይርቅ ቅዝቃዜ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ሳይሸፈን የቆየውን ነው። ውሃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፣ ውጭው ደርቆ ይጠቁርና ተልጦ ይጣላል። ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የምትከፍሉት ለተነነውም ለተጣለውም ጭምር ነው።

ሜኑው ግርጌ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ማስጠንቀቂያ አለ። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ መብላት ለሕመም ሊያጋልጥ ይችላል ይላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አብዛኛው ይጽፈዋል። እትዬ ምን እንደሚል ጠይቀው ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩኝ። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ቁርጥ የበሉ ሴት ናቸው።

ለመጀመሪያ ታርታር አዘዝን። በቢላ የደቀቀ ጥሬ ሥጋ ነው፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከሰናፍጭና ከደቃቅ ሽንኩርት ጋር። ጥሩ ነው፣ ሥጋው ንጹሕ ነው፣ ጅማት የሚባል ነገር የለውም። ቀዝቃዛ መሆኑ ግን ክትፎ ለለመደ አፍ ይከብዳል። እትዬ ሁለት ጊዜ ቀመሱና «ቅቤውን ረስተውታል» ብለው ወደ ባሌ ገፉት። ሲዛር ሰላጣው ጠረጴዛ ድረስ በጋሪ መጥቶ ዓይናችሁ እያየ ይሠራል። በነገራችን ላይ ይህ ሰላጣ ሜክሲኮ ነው የተፈጠረው፣ ቲዋና ከተማ፣ በ1924፣ ሲዛር ካርዲኒ በሚባል ሰው ሬስቶራንት ውስጥ ነው የሚባለው። ጥሩ ሰላጣ ነበር፣ ግን ሰላጣ ነው፣ እንለፈው።

ከዚያ የቢላዋ ሣጥን መጣ። እውነቴን ነው፣ ሣጥን። በሩ ሲከፈት ውስጡ ቀይ ሐር፣ እያንዳንዱ ቢላ እጀታው የተለያየ፤ አንዱ ከቀንድ፣ አንዱ ከእንጨት፣ አንዱ ሮዝ ቀለም ያለው። እንደ ጌጣጌጥ ቤት አማራጩን ያስረዱና ያስመርጣሉ። እትዬ ሦስቱን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ስለቱን ፈተሹ። አስተናጋጁ ትንሽ ደነገጠ። በመጨረሻ ከሁሉም ቀላሉን፣ ጌጥ የሌለውን መረጡ፣ ሰውየውም ራሱ ወደ ቤቱ ቢወስድ የሚወስደው ያንን ቢላ እንደሆነ ነገራቸው።

ያዘዝነው ሁለት ነው። አንድ ባለ አጥንት ሪብ አይ፣ ከጎድኑ ላይ የሚወጣው ማለት ነው፣ 22 አውንስ፣ ወደ 620 ግራም፣ 98 ዶላር። እና አንድ ፊሌቶ ለባሌ። ሦስት እንዳናዝ የመከረን ውሃ የሚቀዳልን ልጅ ነው። እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝኛ ሲያወራን ቆይቶ እትዬን ሰምቶ ኖሮ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ «እማማ፣ ሪብ አይው ለሁለት ይበቃል፣ ገንዘብ አታባክኑ» አለ። እግዚአብሔር ይስጠው። ቬጋስ ውስጥ ሐበሻ የማይሠራበት ካሲኖ የት አለ?

ሪብ አይው ሲመጣ ሳህኑ እየተንጣጣ ነበር። ከላይ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ቅርፊት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ፣ አጥንቱ ዳር ላይ ያለው ጮማ ቀልጦ ጠርዙ ጥርት ብሎ የሚሰበር። መሐሉ ለስላሳ፣ የሚያኝኩት ነገር የሚጠፋባችሁ ዓይነት አይደለም፣ ጥርስ የሚሠራበት ሥጋ ነው። ድራይ ኤጁ ደግሞ ለውዝን የሚያስታውስ፣ ትንሽ የቆየ አይብ ነገር ያለው ጣዕም ይጨምርበታል። እትዬ የመጀመሪያውን ቁራጭ ጎረሱ። አኘኩ። ዝም አሉ። ሁለተኛውን ጎረሱ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና ከቤት በፕላስቲክ ጠቅልለው ያመጡትን ሚጥሚጣ አወጡ።

እኔ አፈርኩ ልል ነበር፣ ግን አላፈርኩም፣ እጄን ዘርግቼ ተጋራሁ። ሚጥሚጣና ድራይ ኤጅድ ሪብ አይ የሚገርም ነገር ነው። ቤቱ የራሱ ሶሶች አሉት፣ ሦስት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ስድስት ዶላር። አያስፈልጉም።

አሁን ቅሬታዬ። የባሌ ፊሌቶ ሚዲየም ነበር የታዘዘው። ሚዲየም ማለት መሐሉ ሮዝ፣ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ። ቆረጠው፣ አየው፣ ቀይ ነው። ጥሩ መሰለው። ጎረሰ፣ ደረቅ። እንደገና ቆረጠ፣ አሁንም ቀይ ነው። ስልኩን አውጥቶ መብራት ሲያበራበት ሥጋው ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው፣ ፈጽሞ የበሰለ! በቀይ መብራት ሥር ሁሉም ሥጋ ቀይ ነው። እኔ ጨለማው ለፍቅር መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ሥጋውን ለማየት ባትሪ ማብራት አለበት? ዙሪያችንን ስናይ ሌሎች ጠረጴዛዎችም በስልክ መብራት ሜኑ ያነባሉ፣ ሳህን ያያሉ። ሥጋ በዓይን ጭምር የሚበላ ነገር ነው። አገራችን ሥጋ ቤት ውስጥ ሰው ከተንጠለጠለው ፊት ቆሞ በብርሃን መርጦ፣ አስቆርጦ ነው የሚበላው። እዚህ ከ40 ቀን ጥበቃ በኋላ የሰው ልጅ ሊያየው የሚገባውን ቀለም ጨለማ ይውጠዋል።

ሥጋውን መለስነው። እዚህ ላይ ቤቱን አመሰግናለሁ። ክርክር የለም፣ ፊት መቀየር የለም፣ ሥራ አስኪያጇ ራሷ መጥታ ይቅርታ ጠየቀች፣ አዲሱ በቶሎ መጣ፣ እሱም እንደታዘዘው ነበር። የተቃጠለውንም ከሒሳቡ አላስገቡትም። ችግሩ እኛ ሁለታችን በልተን ጨርሰን ባሌ ብቻውን እያኘከ ስናየው መዋላችን ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሳህኑ ላይ የሚወርደው ቀይ ውሃ ደም መስሏቸው የሚሸሹ ዘመዶች አሉኝ። ደም አይደለም። ደሙ ሲታረድ ወጥቷል፤ ይሄ ማዮግሎቢን የሚባል የሥጋው ፕሮቲን የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ለእትዬም ነገርኳቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፣ ደም ቢሆን እበላው ነበር?» አሉኝ።

ጎን ለጎን ካዘዝናቸው ክሬም ያለው ስፒናች ጥሩ ነው። ሎብስተር የገባበት ማካሮኒ 32 ዶላር ነው፣ ሎብስተሩን ፍለጋ ሌላ ባትሪ ያስፈልጋል። የተፈጨው ድንች ግን ከቅቤው ብዛት የተነሳ እትዬ «ቅቤው እዚህ ነው ለካ የሄደው» ብለው ጠረጉት።

ዋግዩ የሚባለው የጃፓን ከብት ሥጋም አለ፣ ኤ5 የሚሉት። ከኛ ጎን የተቀመጡት ወጣቶች አዘዙ። ኤ5 የጃፓን ከፍተኛ ደረጃ ነው፣ ከቀይ ሥጋው ይልቅ ነጭ ጮማው የሚታይበት፣ በትንሽ በትንሹ የሚሸጥ። በርችት ታጅቦ፣ ዲጄው ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ፣ ሁለት አስተናጋጆች እየጨፈሩ አመጡት። ቶማሆክም እንዲሁ ነው የሚመጣው። ቶማሆክ ማለት ያው ሪብ አይ ነው፣ የጎድኑ አጥንት ረጅም ሆኖ የተተወለት፤ ክብደቱ ላይ አጥንቱም ስለሚቆጠር ለፎቶ የምትከፍሉት አጥንት ነው። ወርቅ የተለበጠበትም ነበር። ሶልት ቤ የሚባለው የቱርኩ ባለ ጨው ሥጋ ቆራጭ ዓለምን ያስለመደው ነገር። ወርቅ ጣዕም የለውም፣ ይኸው ነው።

ሙዚቃው መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ የድሮ ሶል፣ ዝግ ያለ፣ ከቤቱ ጋር የሚሄድ። እየመሸ ሲሄድ ግን ይጮኻል። እትዬ የሚሉትን ለመስማት ጆሮዬን አፋቸው ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም ቁም ነገር ልታወሩ ከሆነ፣ ቶሎ ሂዱ። ቶሎ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፣ ኩሽናው ገና አልተጨናነቀም።

ሒሳቡ ሦስታችን፣ ሁለት ብርጭቆ ወይን ጨምሮ፣ ከታክስና ከጉርሻ በፊት 340 ዶላር ገደማ። እዚህ አካባቢ ታክሱ 8.375 በመቶ ነው። ካርዱን የምታስገቡበት ማሽን ደግሞ ጉርሻውን ከ20 በመቶ ጀምሮ ያቀርብላችኋል። አብረው ስታስቡት ብዙ ነው። ለልደት፣ ለጋብቻ በዓል፣ ወይም ሰውን ለማስደነቅ ከሆነ ያወጣል። በሦስት ሰው ሒሳብ ግን፣ ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ሰፈር ሄዳችሁ ቁርጥና ጥብስ አዝዛችሁ ጎረቤት ጭምር ትጋብዛላችሁ፤ ያውም በብርሃን።

የምትሄዱ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ከዲጄው ራቅ ያለ፣ መስታወቱ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ጠይቁ፤ እዚያ ከባር የሚመጣ ትንሽ ነጭ ብርሃን አለ። ባለ አጥንቱን ሪብ አይ ለሁለት፣ ሚዲየም ሬር (ከሚዲየም ትንሽ ያነሰ የበሰለ)፣ በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሚዲየም። ድንቹን እዘዙ። ሶስ አትግዙ፣ ሚጥሚጣ ያዙ። ጣፋጩ በጭስ ታጅቦ ይመጣል፣ ጭሱ ሲሄድ የሚቀረው የቸኮሌት ኬክ ነው፣ ዝለሉት። ቡናውንም ዝለሉት፣ እትዬ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ሲኒውን ወደ ሻማው አራቁት፣ ቤት ስንገባም ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቡና አፈሉ።